ፍራሽ ሥር የተገኙ ዐሥራ አንድ የከረሜላ ወረቀቶች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራት ደብዳቤዎች ሁሉም ከአዳማና ከአካባቢዋ የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ተነጋግረው የጻፉ ይመስል አንዷ የምትከለክለውን ከረሜላ ሌላው ገዝቶ የሚያመጣ፣ አንዷ የምትሸሸውን የድንች ጥብስ ሌላው ጠብሶ የሚሸጥ ሆነው ስላገኘኋቸው በአንድ ላይ ማቅረቡን መርጫለሁ። እኔም ያደግሁት በዚያችው ከተማ፣ ናዝሬት ትባል በነበረበት ዘመን ስለሆነ፣ በመልሶቼ ውስጥ የራሴ የልጅነት አምሮት አልፎ አልፎ ጣልቃ ቢገባ አንባቢ ይታገሠኝ።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ወንድና የአራት ዓመት ሴት ልጅ እናት ነኝ፤ የምንኖረው ፍራንኮ አካባቢ ነው። የበኩር ልጄ ከተወለደ ጀምሮ ከረሜላ፣ ቺፕስ፣ ለስላሳ፣ ብስኩትና ከውጭ የሚገዛ ጥብስ ቤቴ እንዳይገባ ወስኜ ይህንኑ አጥብቄ ጠብቄአለሁ። ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ ግን ነገሩ ከእጄ ወጣ። ጠዋት የቋጠርኩለትን ፍርፍር ለጓደኛው ሰጥቶ በምትኩ ቺፕስ እንደሚቀበል ከመምህሩ ሰማሁ፤ ባለፈው ወር ደግሞ ፍራሹ ሥር ዐሥራ አንድ የከረሜላ ወረቀት አንድ በአንድ ተጣጥፎ አገኘሁ። ለምን እንደደበቀኝ ስጠይቀው «ቤታችን ስለማይገባ ነው» አለኝ። ባለቤቴ ይስቃል፤ «አንቺ እኮ ያደግሽው በደስታ ከረሜላና በቦምቦሊኖ ነው» ይለኛል፤ ይህም እውነት ነው። እኔ የበላሁትን ልጄን መከልከሌ ግብዝነት ነውን? መከልከሉን ብተውስ በምን ልተካው? (የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ወረቀቶቹን እንመልከት። ልጅዎ ከረሜላውን በልቶ ወረቀቱን መንገድ ላይ ሊጥለው ይችል ነበር፤ ቢጥለው ኖሮም እርስዎ ምንም ባላወቁ ነበር። እሱ ግን አጣጥፎ ከሚተኛበት ፍራሽ ሥር አኖረው። ልጅ እንዲህ የሚያስቀምጠው ብርቅ የሆነበትን ነገር ነው፤ ከረሜላውን ብርቅ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ጣዕሙ ቢሆንም ሌላው የቤታችሁ በር ነው። የሰጠዎት መልስ እንደ ድፍረት ተሰምቶዎት ይሆናል፤ ለእኔ ግን ጉዳዩን ከሁላችሁም አጥርቶ የተናገረው እሱ ነው።

ይህንኑ በሙከራ የፈተሹ ሰዎች አሉ። ጄኒፈር ፊሸርና ሊን በርች የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ገና መደበኛ ትምህርት ላልጀመሩ ሕፃናት ሁለት ተመሳሳይ መክሰሶች አቅርበው አንዱን እንደ ልባቸው እንዲበሉ፣ ሌላውን ግን እያዩት ለተወሰነች ጊዜ ብቻ እንዲያገኙት አደረጉ። ሕፃናቱ የተገደበባቸውን መክሰስ ደጋግመው አነሡት፣ ጠየቁት፣ ሊያገኙትም እጃቸውን ሰደዱ፤ ከሌላው የተለየ ጣዕም ስለነበረው ግን አልነበረም። በእርስዎ ቤት ይህ ሙከራ ሰባት ዓመት ሙሉ ተካሂዷል ማለት ይቻላል፤ ይህን የምለው ልወቅስዎ ሳይሆን፣ ልጁ የተለየ ሌባ ወይም የተለየ ሆዳም አለመሆኑን ለማስረዳት ነው።

ስለ ግብዝነቱ ከጠየቁኝ፣ ግብዝ አይደሉም፤ ባለቤትዎ ያስታወሱት የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ በኋላ ስኳር ለከተማችን ልጆች ከሩቅ የሚመጣ ነገር መሆኑ ቀርቷል፤ ደስታ ከረሜላ ራሱ የወንጂ ልጅ ነው፤ ሸንኮራ የጫነ ጋሪ ሲያልፍም ከኋላ ተከትለን ባለጋሪው ጅራፉን እስኪያነሣብን ድረስ አገዳ የምንመዝ ልጆች ጥቂቶች አልነበርንም። ነገር ግን አንድ ከረሜላ እንዴት ይበላ እንደነበር እስቲ ያስታውሱት። ሳንቲሟ የምትገኘው ሱቅ ከመላክ ተርፋ ወይም ከእንግዳ እጅ ነበር። ባለሱቁ የጠርሙሱን ክዳን ከፍቶ ቆጥሮ ያወጣል። ሦስት ልጆች ከሆንን ከረሜላው በቀሚስ ጫፍ ይጠቀለልና በጥርስ ተሰብሮ፣ ትልቁ ቁራጭ ለገዛው፣ መካከለኛው ለሰባሪው፣ ከጨርቁ ላይ የሚላሰው ብናኝ ደግሞ ለታናሹ ይደርሳል። ቦምቦሊኖ ከገበያ መልስ የሚገኝ ነገር ነበር፤ ዳቦ በመርቲ ማርማላታ ደግሞ አባት ደመወዝ በተቀበለ ማግሥት የሚቀርብ ቁርስ ነበር። በቀረው ቀን ሁሉ የምንበላው እንጀራ፣ ቆሎ፣ ንፍሮና በወቅቱ የተጠበሰ በቆሎ ነበር። እርስዎ ከረሜላ በልተው አደጉ እንጂ በከረሜላ አላደጉም።

ዛሬ ይህ ሁሉ ወግ ፈርሷል። ከፖስታ ቤት ተነሥቶ እስከ መብራት ኃይል ድረስ በእግሩ የሚሄድ ሰው ስንት ኪዮስክ እንደሚያልፍ ይቁጠር፤ በአብዛኞቹ ላይ ትናንሾቹ የቺፕስ ላስቲኮች በሰንሰለት ተንጠልጥለው የሚታዩት ልክ በአንድ የሰባት ዓመት ልጅ ዓይን ከፍታ ነው። ላስቲኩ ለአንድ ሰው ተብሎ የተሠራ ስለሆነ አካፋይም ተካፋይም አያስፈልገውም። ለስላሳውም ከሠርግና ከልደት ወጥቶ ከምሳ ጋር የሚቀርብ መጠጥ ሆኗል። ስለዚህ ልጅዎን ሊጠብቁት የሚገባው ነገሩ ዘወትራዊ ከመሆኑ ነው፤ እርስዎ ግን በአንድ ጊዜ ከሁሉም ነገር ሊጠብቁት ስለሞከሩ፣ እናት የማትደርስበት የትምህርት ቤት ግቢ አሸነፈዎት።

ከየትኛው ልጀምር ካሉኝ ከጠርሙሱ ይጀምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በምግብና በመጠጥ ላይ ከሚጨመር እንዲሁም ከማርና ከፍራፍሬ ጭማቂ ከሚገኝ ስኳር የሚመጣው ኃይል አንድ ሰው በቀን ከሚያገኘው ጠቅላላ ኃይል ከመቶ 10 በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከመቶ 5 በታች እንዲወርድ ይመክራል። በቀን 1,500 ካሎሪ ገደማ ለሚበቃው ልጅ ይህ ሲሰላ ጣሪያው 37 ግራም፣ የሚሻለው መጠን ደግሞ 19 ግራም ያህል ይሆናል። የተለመደው ጣፋጭ ለስላሳ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ገደማ ስኳር ስላለው፣ አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ብቻውን ወደ 30 ግራም ይዞ ይመጣል። አንድ ጠንካራ ከረሜላ 5 ግራም ቢመዝንና ሁሉም ስኳር ነው ብንል፣ ጠርሙሱ ስድስት ከረሜላ ማለት ነው። ስድስት ከረሜላ በአንድ ጊዜ አፉ ውስጥ የሚጨምር ልጅ ብናይ እንጮኻለን፤ ጠርሙሱን ግን ራሳችን ከፍተን ገለባ ጨምረን እናቀብለዋለን። ስለዚህ ከልጅዎ ጋር አንድ ትግል ብቻ የመግጠም አቅም ካለዎት፣ በዚህ ላይ ያውሉትና ከረሜላውን ለጊዜው ይለፉት።

ለከረሜላውና ለቺፕሱ ቀን ይስጡት። አሜሪካዊቷ የሥነ ምግብ ባለሙያ ኤሊን ሳተር ለወላጆች ያቀረበችው የሥራ ክፍፍል እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ሲሆን፣ ከቀረበው ውስጥ መብላት አለመብላቱንና ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ልጁ ነው። ይህንን ወደ እርስዎ ቤት ስናመጣው፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አብራችሁ ሱቅ ትሄዳላችሁ፣ ልጅዎ በተሰጠው ገንዘብ የወደደውን አንድ ነገር ራሱ መርጦ ይገዛል፣ ቤት ገብቶ በግልጽ፣ ጠረጴዛ ላይ ይበላዋል ማለት ነው። በሚበላበት ጊዜ ስለ ጥርስና ስለ ሆድ ትል አይንገሩት፤ ፊትዎንም አያጥቁሩበት። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቅዳሜዎች እንደ ተራበ ሰው ቢመርጥ አይደንግጡ። ደግሞ አደራ የምልዎት፣ ከረሜላውን የምግብ ደመወዝ አያድርጉት። «ጎመንህን ከጨረስክ ከረሜላ እሰጥሃለሁ» የምትል ቤተሰብ፣ ጎመን ቅጣት፣ ከረሜላ ሽልማት መሆኑን በራሷ አንደበት እያስተማረች ነው።

ስለ ፍርፍሩ ደግሞ ልጁን ከመውቀስዎ በፊት አንድ ቀን የምሳ ዕቃውን በእኩለ ቀን ከፍተው ይዩት። በአንድ ሰዓት የተቋጠረ ፍርፍር በስድስት ሰዓት ሲከፈት ቀዝቅዞ፣ እርጥበቱን ውጦ፣ ገልብጠው ቢያወጡት የዕቃውን ቅርጽ እንደያዘ ይቆማል። ቺፕስ ግን በማንኛውም ሰዓት ይንኮሻኮሻል። ከዚህም በላይ ልጆች አንዳቸው የሌላውን ምሳ ዕቃ እንደ ልብስ ይመለከቱታል፤ ፍርፍር የያዘ የሚሾፍበት ክፍል እንዳለ ከብዙ ወላጆች ሰምቻለሁ። ስለዚህ ፍርፍሩን ሲመለስ ቤት ውስጥ በትኩሱ ያብሉት፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ግን ቀዝቅዞም የሚበላ ይሁን፦ ወፍራም ሽሮ የተቀባና እንደ ጥቅል የተቆራረጠ እንጀራ፣ እንቁላል በዳቦ፣ ቅቅል ድንች ከትንሽ ዘይትና ጨው ጋር፣ ሙዝ። የሚንኮሻኮሽ ነገር የሚፈልገው ጥርሱ ደግሞ የገብስና የሽምብራ ቆሎ አለለት፤ ከአርሲ በኩል ዘመድ ካለዎት ጭኮ ያስልኩለት፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚሠራ ስለሆነ ለቀናት ሳይበላሽ ይቆያል፤ ቅቤው ብዙ በመሆኑ ግን የእንቁላል ግማሽ የምታህል ድብልብል ትበቃዋለች። ቆሎውንና ኦቾሎኒውን ለአራት ዓመቷ እህቱ ገና አይስጧት፤ እንዲህ ያሉ ጠንካራና ትናንሽ ጥሬዎች በትናንሽ ልጆች የአየር ቧንቧ ውስጥ የመግባት አደጋ ስላላቸው አምስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ በበሶ መልክ ብትወስደው ይሻላል። እሷም አዲስ ምግብ ቀርቦላት ፊቷን ብታዞር ተስፋ አይቁረጡ፤ አንድን አዲስ ጣዕም ለመልመድ ስምንት፣ ዐሥር፣ አንዳንዴም ዐሥራ አምስት ጊዜ መቅመስ የሚያስፈልጋቸው ልጆች አሉ፤ ብዙዎቻችን ግን በሦስተኛው ላይ «አትወድም» ብለን እንፈርድባቸዋለን።

ጥያቄ፦ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣሁ አያት ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄ ቤት ስሄድ ለልጅ ልጆቼ ከረሜላ ይዤ እገባለሁ። ባለፈው ሳምንት ምራቴ ከልጁ እጅ ተቀብላ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመረችው። እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ ቡናውንም ሳልጠጣ ወጣሁ። በእኛ ወግ አያት ባዶ እጁን ገብቶ ያውቃል? (ከአዳማ)

መልስ፦ አባታችን፣ ቡናውን ሳይጠጡ መውጣትዎ ቤቱን ከከረሜላው የበለጠ ሳያሳዝነው አልቀረም። ምራትዎ በልጆቹ ፊት ያደረገችው ልክ አይደለም፤ የምትለው ካላት ለእርስዎ ለብቻዎ፣ በአክብሮት ልትነግርዎ ይገባት ነበር። ስለ ከረሜላው ያላት ሐሳብ ግን መሠረት አለው። ጣፋጭ ነገር በተበላ ቁጥር አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ግማሽ ሰዓት ለሚሆን ጊዜ የጥርስን ሽፋን ያጠቃል። ስለዚህ ልጅ ከረሜላውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ቀኑን ሙሉ እየመጠጠ ቢውል፣ ያንኑ ያህል ከምሳ በኋላ በአንድ ጊዜ ከሚበላው ይልቅ ጥርሱን ይጎዳዋል።

ባዶ እጅዎን አይግቡ። ብርቱካን ወይም ዘይቱን ሊይዙ ይችላሉ፤ ከፈለጉም ከምራትዎ ጋር ተነጋግረው፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የምትሰጠዋ አንዲት ከረሜላ ከአያት እጅ ብቻ እንድትመጣ ይስማሙ። እንዲያ ከሆነ ከረሜላዋም እርስዎም ትከብራላችሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ለልጁ በጓሮ እየሰጡ «ለእናትህ እንዳትነግር» አይበሉት። ከላይ ያለውን የፍራሽ ሥር ታሪክ ያነበበ ሰው ለምን እንዲህ እንደምል ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት ወንጂ ነው። ጥርሶቼ ከልጅነቴ ጀምሮ ቡናማ ነጠብጣብ አለባቸው፤ ሁልጊዜም «ሸንኮራና ከረሜላ ጨረሰሽ» ስባል ኖሬአለሁ። አሁን የስድስት ዓመት ልጄ አዲስ የሚያበቅለው ጥርስ ያው ዓይነት መልክ እያሳየ ነው። ሸንኮራ ፈጽሞ ልከልክለው? (ከወንጂ)

መልስ፦ እስከ ዛሬ ባልሠሩት ጥፋት ሲወቀሱ ኖረዋል። እንዲህ ያለ ቡናማ ነጠብጣብ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ባደጉ ሰዎች ላይ ሲታይ በአብዛኛው ከውኃ የሚመጣ እንጂ የሸንኮራ ሥራ አይደለም። የአካባቢያችን የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን አብዝቶ ይይዛል፤ ጥርስ ገና ከድድ ሥር እየተሠራ ባለበት ዕድሜ፣ ማለትም እስከ ስምንት ዓመት ገደማ፣ ይህን ውኃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ሲወጣ ነጠብጣቡን ይዞ ይወጣል። በጥቂት መጠን ጥርስን የሚያጠነክረው ፍሎራይድ ሲበዛ እንዲህ ይገለበጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። የወንጂ ጉዳይ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ የታወቀ ነው፤ ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውኃ በጠጡ የፋብሪካው ሠራተኞች ላይ ከጥርስም አልፎ አጥንትን የሚያጣምም ጉዳት እንደደረሰ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጽፈዋል።

ስለዚህ ለልጅዎ ከሸንኮራው በፊት የሚጠጣው ውኃ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቁ። ብዙ እናቶች ውኃውን በማፍላት የሚያጸዱት ይመስላቸዋል፤ ማፍላት ጀርምን እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፣ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል። የጉድጓድ ውኃ ከሆነ የምትጠቀሙት፣ ቢያንስ ለልጁ መጠጥና ለምግቡ የተጣራ የወንዝ ውኃ ወይም በንጽሕና የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ማግኘት ቢችሉ ይሻላል። የጥርስ ሐኪም ቢያየው ደግሞ ነጠብጣብን ከመቦርቦር ይለይልዎታል፤ ስኳር የሚያመጣው ቀዳዳ፣ ልስላሴና ሕመም ያለውን መቦርቦር ነው፤ ሁለቱ በአንድ አፍ ውስጥ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። ሸንኮራም ቢሆን ስኳር ነው፤ ከጭማቂው ከመቶ 12 እስከ 15 የሚሆነው ስኳር ስለሆነ በየቀኑ የሚመጠጥ ነገር አይሁን። አንዷን አንጓ ለመጨረስ ግን ልጅ ሩብ ሰዓት ይታገላታል፤ ያንኑ ያህል ስኳር ከጠርሙስ ሲጠጣ ደቂቃም አይፈጅበት። አልፎ አልፎ ይምጠጥ፣ ሲጨርስ አፉን በውኃ ይጉመጥመጥ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 24 ነው። አንድ ትምህርት ቤት በር አጠገብ ድንች እየጠበስኩ በሚጥሚጣ እሸጣለሁ፤ በጾም ወቅት ሽያጬ እጥፍ ይሆናል። በወላጆች ስብሰባ ላይ «ልጆቻችንን የሚያሳምማቸው በር ላይ ያለው ልጅ ነው» እንደተባለ ሰማሁ። ሥራው እንጀራዬ ስለሆነ አልተወውም፤ ልጅ ማሳመም ግን አልፈልግም። ምን ባስተካክል ይሻላል? ሙዝ ብጨምርስ ይገዙኛል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህንን ደብዳቤ መጻፍህ ራሱ በስብሰባው ላይ ከተናገሩት ከአንዳንዶቹ የተሻለ ለልጆቹ እንደምታስብ ያሳያል፤ በየማለዳው በምሳ ዕቃ ሁለት ፓኬት ብስኩት የሚቋጥር ወላጅም እዚያ ተቀምጦ እንደነበር እገምታለሁ። በጾም ጊዜ ሽያጭህ መጨመሩም አይገርምም፤ ሥጋና ወተት የሌለበት ነገር ሁሉ ጾም ነው ብለን ስለምናስብ ዘይት ጠጥቶ የወጣ ድንች ያለ ሐሳብ እንበላለን።

ትልቁ ነገር ዘይቱ ነው። የረጋው የፓልም ዘይት ርካሽና ለመጥበስ ጠንካራ ቢሆንም ከስቡ ግማሽ ያህሉ ልብን የሚጎዳው ዓይነት ነው፤ ዋጋው ከፈቀደልህ ፈሳሽ የሆነውን ተጠቀም። ከዘይቱ ዓይነት በላይ ግን አያያዙ ይወስናል። መጥበሻህ እየጨሰ ከሆነ እሳቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ዘይቱ ከ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ ተጠንቀቅ፤ ቴርሞ ሜትር ስለማይኖርህ፣ አንዲት ድንች ስትጥል ወዲያው ጫጫታ እያሰማች እንድትፈላ እንጂ በአፍታ እንዳትጠቁር አድርገህ እሳቱን መጥን። ሥራ ስትጨርስ ቀዝቅዞ በወንፊት ወይም በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው፤ ከሥሩ የቀረው ፍርፋሪ ነው በማግሥቱ ተቃጥሎ ዘይቱን የሚያጠቁረው። ዘይቱ ጠቁሮ፣ ወፍሮ፣ አረፋ ሲያወጣና ጠረኑ ሲለወጥ ይደፋ። ባረጀው ላይ አዲስ እየጨመሩ መቀጠል በከተማችን የተለመደ ቁጠባ ነው፤ ነገር ግን አሮጌው አዲሱን ቶሎ ያበላሸዋል እንጂ አዲሱ አሮጌውን አያድነውም።

ድንቹን ከቆረጥክ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈህ በጨርቅ አድርቀው። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳስታወቁት፣ ስታርች የበዛበት ምግብ በከፍተኛ ሙቀት ሲጠበስ አክሪላማይድ የሚባል ጎጂ ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ መዘፍዘፉና ድንቹ ወርቃማ ሲሆን ማውጣቱ ይህንን ይቀንሰዋል። ለቡናማው ደንበኛ ካለህ «ተቃጥሏል» ብለህ ቀልድበት። ወፈር አድርገህ ብትቆርጠውም ከስስ ይልቅ ዘይት የሚጠጣው ያነሰ ይሆናል። ሚጥሚጣው ውስጥ ጨው ስላለ ሌላ ጨው አትነስንስበት። መጠቅለያውን በተመለከተ ግን እለምንሃለሁ፤ የድሮ ደብተርና ጋዜጣ አትጠቀም። ትኩስ ዘይት ቀለሙን ከወረቀቱ ላይ ይስበዋል፤ ባለፈው ሳምንት ከአንዱ ሻጭ የተቀበልኩት ጥቅል ላይ የአንድ ተማሪ የሒሳብ ስሌት ቃል በቃል ወደ ድንቹ ተገልብጦ አንብቤዋለሁ፤ መልሱም ስሕተት ነበር።

ከጥብሱ አጠገብ ቅቅል ድንች በዳጣ ብታቀርብ ዘይቱንም ወጪህንም ይቆጥብልሃል፤ ጾመኞቹ ልጆችም ይወዱታል። ሙዙን ጨምረው፤ ይገዙሃል። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ብዙ አትያዝ፣ ምክንያቱም የአዳማ ሙቀት በሁለተኛው ቀን ያጠቁርብሃል። ዘለላውን ከጠረጴዛው ሥር ወይም ከኋላህ አታስቀምጠው፤ ኪዮስኮቹ ቺፕሱን በሚሰቅሉበት ከፍታ፣ ከመጥበሻው ፊት ለፊት ስቀለውና ዋጋውን ከትንሿ የድንች ጥቅል ዋጋ በታች አድርገው።